ጥያቄው ከወረዳው ይነሣ፦ በመንግሥት ገንዘብ ስለሚካሄድ የበሽታ መከላከል ምርምር ጥራት፣ ከደቡብ ጎንደር ደጋ አንጻር

ከጣና ዳር ከፎገራ ሜዳ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚወጣ ሰው በአንድ ቀን መንገድ የኢትዮጵያን የአየር ጠባይ ከሞላ ጎደል ያዳርሳል። ፎገራ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ሩዝ ያበቅላል። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከእርሷ አልፎ ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ገሳይና ዙሪያዋ የገብስና የድንች አገር ነው፤ ከበላያቸው የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። በዚህ ዳገት ላይ ከትውልድ ትውልድ ሲወራረድ የኖረ አንድ እምነት አለ፤ ንዳድ የቆላ፣ ጤና የደጋ ነው የሚል። እምነቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ የወባ ትንኝም ሆነች በሆዷ የሚያድገው ጥገኛ ተሕዋስ ሙቀት ይሻሉና። አደጋው የሚጀምረው ይህ እምነት ሳይፈተን የጤና ተቋማትን የቅኝት ካርታ መሣል ሲይዝ ነው።

በ1958 (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያልተለመደ ዝናብና ሙቀት ተከትሎ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ያለውን ደጋና ወይና ደጋ አጥለቀለቀ። በጊዜው የተሠራው ግምት 3 ሚሊዮን ሕሙማንና 150,000 ሟቾች ይላል። በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ያለው ደምቢያ ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነበር። ሕዝቡ በሽታውን ስለማያውቀው ሰውነቱ የመቋቋም ኃይል አላዳበረም፤ የጤና ባለሥልጣናቱም አልጠበቁትም። በማግሥቱ በ1959 የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቋመ። እንግዲህ በኢትዮጵያ ዘመናዊ የበሽታ መከላከል ሥራ በስፋት የተጀመረው አንድ ያልተጠየቀ ጥያቄ ካስከፈለው ዋጋ በኋላ ነው።

ይህ መጣጥፍ የሚከራከረው ለአንድ ነገር ነው። ከሕዝብ ግብር በሚወጣ ገንዘብ የሚካሄድ የመከላከል ምርምር ጥራቱ በአብዛኛው የሚወሰነው መረጃ ሰብሳቢ መስክ ከመውጣቱ በፊት ነው። የሚወሰነውም በሁለት ነገር ነው፤ አንድ የጤና ጽሕፈት ቤት በእርግጥ ሊወስን ያለውን ጉዳይ የሚነካ ጥያቄ በመነሣቱ፣ እና ጥያቄው «አይደለም» የሚል መልስ ሊመጣበት በሚችል መንገድ በመቀረጹ። የስታቲስቲክስ ሥልጠናም፣ የኮምፒውተር ግዢም፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴም አስፈላጊ ናቸው፤ ግን ከዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

የአዲስ ዘመን ትምህርት

በግንቦት 1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ በአዲስ ዘመን ከተማ ዙሪያ፣ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ካላዛር መኖሩ ተረጋገጠ። ቀድሞ በአካባቢው ከጥቂት ሰዎች በቀር የተያዘ ሰው ያልተመዘገበበት፣ ሁሉም ሰው የሁመራና የመተማ ቆላ ነው የሚለው በሽታ ነበር። ሳምንታት የሚዘልቅ ትኩሳት፣ ክሳትና የጣፊያ ማበጥ ይዞ ለሚመጣው ሕመምተኛ መጀመሪያ የተሰጠው ስም መድኃኒት የተላመደ ወባ የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ የተሠራው ማጣራት የወረርሽኙን መነሻ ወደ 2003 ይመልሰዋል። በሌላ አነጋገር በሽታው ስሙን እስኪያገኝ ሁለት ዓመት ገደማ ሰው ሲያሳምም ቆይቷል።

በአካባቢው በጊዜው ብቸኛ የነበረው የካላዛር ማከሚያ በድንበር የለሽ ሐኪሞች የሚመራው ነበር። ከግንቦት 1997 እስከ ታኅሣሥ 2000 ዓ.ም. የታከሙት ሰዎች መዝገብ ተተንትኖ ታትሟል። የሕሙማኑ መካከለኛ ዕድሜ 18 ዓመት ነው፤ 77.6 በመቶ ወንዶች ናቸው፤ ከታከሙት 4 በመቶ ሞተዋል። ዕድሜያቸው 45 እና ከዚያ በላይ የሆኑት ከ5 እስከ 29 ዓመት ካሉት ጋር ሲነጻጸሩ የመሞት አደጋቸው አምስት እጥፍ ነበር። ወረርሽኙ በ2005 የመጨረሻ አራት ወራት ጣሪያ ነክቶ፣ ወደ ፎገራም ተዛምቶ፣ በ2007 በአካባቢው የሚኖር ነባር በሽታ ሆነ። ወደ ሁመራና መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ወርደው የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ተሕዋሱን አምጥተውት ይሆናል የሚለው መላምት እስካሁን ጉልበቱን አላጣም።

ከወረርሽኙ በኋላ የተሠራው በሕመምተኛና በጤነኛ ጥንድ ላይ የተመሠረተ ጥናት የሚያስደንቅ ሥራ ነው። 171 ጥንዶችን አነጻጽሮ ሦስት ነገሮች ከበሽታው ጋር ጎልተው እንደሚታዩ አሳየ፤ ውሻ ማሳደር፣ ቀን በግራር ጥላ ሥር መተኛት፣ ማታ ከቤት ውጭ ማደርን ልማድ ማድረግ። የመንደሮቹ ውሾች ደምና መቅኔም ተመርምሯል። አጥኚዎቹ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር የሚጠብቀው ለአደጋ ከተጋለጡት ሰዎች ከፊሉን ብቻ ሊሆን እንደሚችል አመለከቱ፤ የአሸዋ ዝንቧን ጠባይ፣ የውሻን ድርሻና የመከላከያ አማራጮችን ውጤት የሚፈትሽ ተጨማሪ ምርምር ያስፈልጋል ብለውም ደመደሙ።

በእኔ እምነት የመንግሥት የምርምር ገንዘብ መግባት የነበረበት ልክ እዚህ ላይ ነው። ጥያቄው ተቀርጿል፤ ቦታው ይታወቃል፤ የሚወስነውም አካል ይታወቃል። የዞኑ ጤና መምሪያ አጎበር ልግዛ፣ እረኛው ከግራር ሥር እንዳይተኛ ላስተምር፣ ወይስ ለውሾቹ መላ ልፈልግ ብሎ መምረጥ አለበት። ግራር ሥር ቀን የሚተኛው ከብት ጠባቂ ልጅ ነው፤ ማታ ውጭ የሚያድረው ሰብል ጠባቂ ጎልማሳ ነው። ማታ ቤት ውስጥ የሚዘረጋ አጎበር ለሁለቱም አይደርስላቸውም። አንድን ወረዳ በጎጥ ከፋፍሎ፣ አማራጮቹን በዕጣ መድቦ፣ ሦስት ወይም አራት የበጋ ወቅቶች ተከታትሎ መልስ ማግኘት ይቻላል። ርካሽ አይደለም፤ ሆኖም የተበታተኑ ብዙ ትናንሽ ጥናቶች በድምር የሚወስዱትን ገንዘብ አንድ ላይ የሰበሰበ ተቋም ሊሸፍነው ይችላል።

422 ሰው

በሕብረተሰብ ጤና ትምህርት ያለፈ ኢትዮጵያዊ ሁሉ 422 የሚለውን ቁጥር ያውቀዋል። የሚታወቅ ነገር ከሌለ የሥርጭቱን መጠን 50 በመቶ ነው ብለህ ውሰድ፤ የስሕተት ወሰንህን 5 በመቶ አድርግ፤ ቀመሩ 384 ይሰጥሃል። መልስ የማይሰጥ ሰው ይኖራል ብለህ 10 በመቶ ስትጨምርበት 422 ይሆናል። ከዚያ በአንድ ጤና ተቋም ወይም ወረዳ «የእንትን ሥርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች» የሚል ርእስ ይሰጠዋል፤ መጠይቁ በወር ጊዜ ተሞልቶ ያልቃል፤ ውጤቱ ይታተማል። ይህ ዓይነቱ የአንድ ጊዜ ቅኝት በራሱ ጥፋት የለበትም። ያልታወቀን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ለመቁጠር ትክክለኛው መሣሪያ ነው። ግን 50 በመቶ የሚለው ግምት የሚያገለግለው ምንም ሳይታወቅ ነው። በአንድ ጉዳይ ላይ ብዙ ጥናት ከታተመ በኋላም ከ50 በመቶ መነሣት ካለፈው ሥራ ምንም አልተማርንም ብሎ በጽሑፍ ማመን ነው።

ቁጥሩ ሌላም ነገር ይደብቃል። ትራኮማ፣ የአንጀት ጥገኛ ትላትልና ወባ በጎጥ የሚሰባሰቡ በሽታዎች ናቸው፤ የአንድ ጎጥ ሰዎች አንድ ምንጭ፣ አንድ ዝንብ፣ አንድ ልማድ ይጋራሉ። ከ14 ጎጦች ከእያንዳንዱ 30 ሰው ቢመረጥና የአንድ ጎጥ ሰዎች የመመሳሰል መለኪያ 0.1 ቢሆን፣ ናሙናው በሙሉ በተናጠል በዕጣ ከተመረጡ 108 ሰዎች የሚበልጥ መረጃ አይሰጥም። 420 ሰው ተጠይቆ የ108 ሰው ዕውቀት ይገኛል ማለት ነው። ይህ ስሌት ከግማሽ ገጽ አይበልጥም፤ ፕሮፖዛሉ በሚገመገምበት ቀን ካልተጠየቀ ግን በኋላ በምንም ሶፍትዌር አይታረምም።

የትርጓሜውም ስሕተት ከዚህ አይተናነስም። በ2005 እና 2006 የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይን ጤና ቅኝት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ሕፃናት 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ እንዳለባቸው አሳይቷል። በሽታ ይህን ያህል ሲበዛ «የዕድል ሬሾ» የሚባለው መለኪያ ነገሩን ያጋንናል። ፊታቸውን ከማይታጠቡ ሕፃናት 80 በመቶ፣ ከሚታጠቡት 60 በመቶ ታመሙ እንበል፤ የዕድል ሬሾው 2.67 ነው፤ በእርግጥ ያለው የሥርጭት ልዩነት ግን 1.33 እጥፍ ብቻ ነው። «ፊት የማይታጠብ ልጅ የመታመም አደጋው ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለወረዳው በሚሄደው ምክረ ሐሳብ ላይ ሲሰፍር የወረዳው ኃላፊ የሚያየው በእውነት ካለው በብዙ የገዘፈ ጥቅም ነው። በዚያ ላይ ሃያ «ተያያዥ ምክንያቶች» በአንድ ሠንጠረዥ ከተፈተኑ አንዱ በአጋጣሚ ብቻ ጉልህ ሆኖ መውጣቱ የሚጠበቅ ነው። የኅትመቱን መደምደሚያ የሚይዘውም ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

ቀላል መጠይቅ የሚመረጥበት ምክንያት የመምህራን ስንፍና ነው ብሎ ማለፍ ግፍ ይሆናል። ለማዕረግ ዕድገት የሚቆጠረው የታተመ ጽሑፍ ነው። የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ያልተጠቀሙበት ገንዘብ ይመለሳል። ፕሮፖዛል ተገምግሞ፣ ውል ተፈርሞ፣ ግዢ አልፎ ገንዘቡ ሲለቀቅ የወባው ዋና ወቅት፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ አልፏል። የካላዛር አስተላላፊ የአሸዋ ዝንብ የምትበዛው በደረቁ ወራት ነው፤ በሽታው ግን ከወራት በኋላ ይገለጣል። ስለዚህ በአንድ የበጀት ዓመት ውስጥ የሚያልቅ ጥናት የእነዚህን በሽታዎች አንድ ሙሉ ዙር ማየት አይችልም። ተመራማሪው የሚችለውን ያደርጋል፤ ግንቦት ላይ መጠይቅ ያስሞላል። ጥራትን የሚፈልግ ሁሉ ከግለሰቡ ይልቅ ይህን የሂሳብ መዝጊያ ቀን መመልከት አለበት።

«አይደለም» ሊል የሚችል ጥናት

ከደብረ ታቦር ብዙም ሳይርቅ፣ በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ፣ ከ2006 ጀምሮ «ታና» በሚል ምሕጻር የታወቀው የትራኮማ ሙከራ ተካሂዷል። ገንዘቡ በዋናነት የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም ነበር፤ ሥራው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ የካርተር ማዕከልና የአማራ ክልል ጤና ቢሮ የጋራ ነበር። 72 ንዑስ ቀበሌዎች በዕጣ ለተለያየ የአዚትሮማይሲን መድኃኒት አሰጣጥ ተመደቡ። ምደባው በሰው ሳይሆን በማኅበረሰብ መደረጉን ልብ ይሏል፤ በሽታው በጎጥ የሚሰባሰብ ከሆነ ምርምሩም ጎጥን መቁጠር አለበትና።

ከዚህ ሙከራ የወጡት ውጤቶች አንዳንዶቹ ማንም ያልጠበቃቸው ናቸው። በዓመት ሁለት ጊዜ ማደል በዓመት አንዴ ከማደል ይህ ነው የሚባል ብልጫ አላሳየም፤ ይህ ለአንድ ክልል ሚሊዮኖች እንክብል የሚያድን መልስ ነው። መጸዳጃ ቤት በብርቱ እንዲቆፈር መቀስቀሱ ትራኮማው መልሶ እንዳያገረሽ ሲያግድ አልታየም። መድኃኒቱ በታደለባቸው መንደሮች የሕፃናት ሞት በግማሽ ገደማ ዝቅ ብሎ ታየ፤ ይህ ግኝት በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ ለተካሄደውና በ2018 ውጤቱ ለታተመው ትልቅ ሙከራ መንገድ ከፈተ። በሌላ በኩል በሕፃናቱ አፍንጫ ውስጥ መድኃኒቱን የተላመደ ባክቴሪያ መብዛቱ ተመዘገበ። ጥቅሙም ጉዳቱም በአንድ የመስክ ሥራ የተገኘው ከመጀመሪያው ሁለቱንም ለመለካት ታስቦ ስለነበር ነው።

ከዚያ በዋግ ኽምራ 40 የገጠር ማኅበረሰቦች ውስጥ ውኃ፣ ንጽሕናና መጸዳጃ ብቻውን፣ ያለ መድኃኒት እደላ፣ የትራኮማውን ባክቴሪያ ይቀንስ እንደሆነ በሦስት ዓመት ሙከራ ተፈተነ። በ2022 የታተመው መልስ አልቀነሰም የሚል ነው። ይህ ዓይነቱ መልስ ያሳዝናል፤ ውኃ ለማስገባትና ጉድጓድ ለማስቆፈር የደከመ ሰው ሊሰማው አይፈልግም። ውኃ ለሌላ ብዙ ነገር ይጠቅማል፤ ለትራኮማ ግን በዚያ መጠንና በዚያ ጊዜ እንዳልበቃ ማወቅ ለቀጣዩ ዕቅድ ወርቅ ነው። ከ2008 ጀምሮ ማልትራ በተባለው የወባና የትራኮማ ዘመቻ ሳምንት መድኃኒቱ በክልሉ በሙሉ ሲታደል ኖሮ ዛሬም ሥርጭቱ ከ5 በመቶ በታች ያልወረደባቸው የአማራ ወረዳዎች አሉና፣ ቀጥሎ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው በእንደዚህ ያለ ታማኝ ውድቀት ነው።

እነዚህን ሥራዎች የጠቀስኩት የውጭ ገንዘብ የተሻለ ነው ለማለት አይደለም። ኢያን ቻልመርስና ፖል ግላስዚዩ በ2009 እንዳሰሉት በዓለም ደረጃ ለጤና ምርምር ከሚወጣው 85 በመቶ ያህሉ ሊወገድ በሚችል ምክንያት ይባክናል፤ ጥያቄው ለሕመምተኛው የማይጠቅም በመሆኑ፣ አሠራሩ ደካማ በመሆኑ፣ ውጤቱ ሳይታተም በመቅረቱ ወይም ታትሞም ሊሠራበት ስለማይችል። ይህ ሀብታሞቹንም ያገኘ በሽታ ነው። የጎንቻ ሥራ የሚያስተምረው አቀራረቡን ነው፤ አቀራረቡ ደግሞ ከገንዘቡ ጋር ተሰፍቶ የመጣ አይደለም።

ሊለወጥ የሚችለው

ከሁሉ አስቀድሞ ጥያቄው የሚነሣበት ቦታ ይለወጥ። የዞኑ ጤና መምሪያና የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በየዓመቱ ሊወስኑ ያልቻሏቸውን አምስት ወይም ስድስት ጉዳዮች በጽሑፍ አውጥተው ለደብረ ታቦር፣ ለጎንደርና ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ቢሰጡ፣ መምህሩም ፕሮፖዛሉን ሲጽፍ «ይህ መልስ ቢገኝ ማን ምን ይለውጣል» የሚል አንድ አንቀጽ እንዲሞላ ቢገደድ፣ ብዙ የአንድ ጊዜ ቅኝት ገና ሳይጀመር ይቀር ነበር። ገሳይን በመሰለ ደጋ ያለ ጤና ጣቢያ ወባ አልፎ አልፎ ሲያገኝ ሕመምተኛው ከቆላ ይዞት የመጣ ነው ወይስ እዚያው የተያዘ? ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ይህ የመድኃኒትና የአጎበር ክምችት ጉዳይ ነው። የጉዞ ታሪክን በአንድ ዓምድ በየቀኑ በመመዝገብ የሚጀመር ጥናት ነው፤ ዋጋውም ጥቂት ነው።

ሁለተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው፤ እኔ ከሁሉ በላይ የምቆምለትም ይህ ነው። ወባ በሚደርስበት ከፍታና በሙቀት ለውጥ መካከል ያለውን ዝምድና በተመለከተ በ2014 በሳይንስ መጽሔት የታተመው ታዋቂ ጥናት የኢትዮጵያ መረጃው የደብረ ዘይት አካባቢ ነው፤ ከ1993 እስከ 2005 ያለ የወባ መዝገብ። ጥናቱ የተቻለው ቀበሌ በቀበሌ የተመዘገበ ወረቀት ተጠብቆ ስለቆየ ነው። ቡታጅራ ላይ በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ ደባት ላይ ከ1996 ጀምሮ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ቤት ለቤት ልደትንና ሞትን እየመዘገቡ ኖረዋል። የመንግሥት ተቋም በአንድ ቦታ ለዓመታት ተተክሎ መቆየት እንደሚችል እነዚህ ማስረጃ ናቸው። ደቡብ ጎንደርም ከፎገራ እስከ ጉና በከፍታ ደረጃ የተመረጡ ጥቂት ቋሚ የቅኝት ቀበሌዎች ያስፈልጉታል፤ ትኩሳቱ፣ ሞቱ፣ የዝናቡና የሙቀቱ ልክ አብሮ የሚመዘገብባቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤተሰቡን በስም ያውቁታል። መዝገባቸው ለሪፖርት ብቻ መሆኑ ቀርቶ መልሶ እንዲነበብ ማድረግ አዲስ ድርጅት ማቋቋም አይጠይቅም። ለዚህ ግን ከሰኔ 30 የሚሻገር፣ የሦስት ወይም የአምስት ዓመት የምርምር ውል በሕግ መፈቀድ አለበት።

ቋሚ ቅኝት በዚህ አገር የሚገጥመውን ፈተና መሸሸግ አይገባም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ጋይንት ደርሶ ነፋስ መውጫ ስትያዝ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ባለው ግጭትም በክልሉ ገጠር መንቀሳቀስ ከባድ ሆኗል። የመዝገብ ቅጂ በሁለት ቦታ መቀመጡ፣ መረጃ ሰብሳቢው የዚያው ቀበሌ ነዋሪ መሆኑ፣ ሥራው ሲቋረጥ የተቋረጠበት ቀንና ምክንያት በግልጽ መጻፉ እዚህ የጥራት መመዘኛ ናቸው። ከሌላ አገር የተቀዳ የጥራት መመሪያ ይህን አይነግረንም።

ስለ ምዝገባ አጭር ነገር ልበል። የመንግሥት ገንዘብ የተሰጠው ጥናት ሁሉ ጥያቄውና ዋና መለኪያው መስክ ከመውጣቱ በፊት በይፋ ቢመዘገብ፣ የመጨረሻው ክፍያም ውጤቱ፣ «አይደለም» ቢሆን እንኳ፣ ለወረዳው በአማርኛ ከቀረበ በኋላ ቢለቀቅ፣ ሃያ ምክንያት ፈትኖ አንዱን መምረጥ ያከትማል። የማዕረግ ዕድገት ኮሚቴዎችም አንድ የአምስት ዓመት ሙከራ ከአምስት ቅኝት ያላነሰ ዋጋ እንዲሰጡት መመሪያቸውን ማረም አለባቸው፤ ያለዚያ የተቀረው ሁሉ ከወረቀት አይወርድም።

ስለ ጤና ምርምር ለልማት የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን በ1990 ታዳጊ አገሮች ከጤና ወጪያቸው ቢያንስ 2 በመቶውን ለምርምር እንዲያውሉ መክሮ ነበር። በ2025 የአሜሪካ የተራድዖ ድርጅት ተዘጋ፤ በዚያው ዓመት የአሜሪካ የጤና ምርምር ተቋም በአሜሪካ ተቋማት በኩል ለውጭ አጋሮች የሚተላለፈውን አዲስ የምርምር ገንዘብ አቆመ። የጎንቻና የዋግ ኽምራ ዓይነት ሥራ በዚያ መንገድ ይመጣ ነበር። ከእንግዲህ ክልሉና ዩኒቨርሲቲዎቹ ያላቸውን ገንዘብ በየትምህርት ክፍሉ ከመበተን ይልቅ አንድ ላይ አሰባስበው የመጀመሪያውን የራሳቸውን የብዙ ዓመት ሙከራ ሊጀምሩ ይችላሉ። የሊቦ ከምከም የአጎበር፣ የግራርና የውሻ ጥያቄ ለዚያ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ ፕሮቶኮሉን ለመጻፍ የሚያስፈልገው የመነሻ መረጃ በአብዛኛው በእጃችን ነው።